በቀይ እስክሪብቶ ያሰመርኩበት ጥያቄ

የሕግ መምህር ነኝ። ለብዙ ዓመታት የውል ሕግ አስተምሬያለሁ፤ ፈትኛለሁ፤ አርሜያለሁ። በእነዚህ ዓመታት ከሰጠኋቸው ግሬዶች ከፊሎቹ ሐሰት ናቸው። ጉቦ በልቼ፣ ለዘመድ አድልቼ ወይም ወረቀቱን ሳላነብ ነጥብ በትኜ አይደለም። እያንዳንዱን ወረቀት እስከ መጨረሻው አነብ ነበር፤ በዲፓርትመንታችንም «እሱ ሲያርም አይቸኩልም» ይባልልኛል። ጥፋቴ ሌላ ነው። ሕግ የገባውን ካልገባው እለያለሁ ብዬ፣ እንግሊዝኛ የሚቀናውንና የአንቀጽ ቁጥር የሸመደደውን ስመርጥ ኖርኩ። አንድ ተማሪ ይህንኑ ሊያሳየኝ ቢሮዬ ድረስ ሲመጣ ደግሞ አልሰማሁትም። ከሁለቱ የሚቆጨኝ ይኸኛው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ፋይናል ነው። ጥያቄው እንዲህ ይል ነበር፦ አንድ ሰው ቤቱን ሸጠ። ውሉ በጽሑፍ ነው፤ ሦስት ምስክሮች ፈርመውበታል። ገዥዋ ከዋጋው አብዛኛውን ከፍላ ቤቱን ተረክባ ትኖርበታለች። ውሉ ግን ፍርድ ቤትም ሆነ ውል የማዋዋል ሥልጣን ያለው አካል ዘንድ አልተመዘገበም። ከዓመታት በኋላ የቤት ዋጋ ሲንር ሻጩ «ቤቴን ልቀቂ» አለ። የግራ ቀኙን መብትና ግዴታ አብራሩ፤ 20 ነጥብ።

የመልስ ቁልፌ በአንድ ገጽ ተኩል ታይፕ ተደርጎ ተዘጋጅቷል። ከፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1678ን ጠቅሶ አንድ ውል ለመጽናት የሚያስፈልጉትን ለዘረዘረ 3 ነጥብ። ሕግ የተለየ ፎርም ካዘዘ መከበር አለበት የሚለውን 1719ን ለጠቀሰ 3። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት ለሚለው 1723፣ 5። ፎርሙ ካልተሟላ የውል ረቂቅ እንጂ ውል የለም ለሚለው 1720፣ 4። ለመደምደሚያው 3፣ ለአጻጻፍ 2። ቁልፉ በሕግ ረገድ ስህተት አልነበረበትም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 አንቀጽ 1723ን የተረጎመውም በዚሁ መንገድ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ከተደነገገ ወዲህ ደግሞ የሰበር ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። ስለዚህ በቁልፌ ተማምኜ ነበር የማርመው።

የዚያ ልጅ ወረቀት ስርዝ ድልዝ የበዛበት ነበር። የግሱ ጊዜ ይምታታል፤ ፊደል ይገደፋል። 1678 የለም፤ 1719 የለም። ቤት ሲሸጥ መመዝገብ እንዳለበት ጽፏል፤ ቁጥሩን ግን አላስታወሰውም። ኮድ፣ ማለትም የሕጉን መጽሐፍ፣ ይዞ መግባት በእኔ ፈተና ክልክል ነበርና ከየትም ሊያየው አይችልም። ከዚያ ወረድ ብሎ፣ እንግሊዝኛው እየተደነቃቀፈ፣ የጻፈው ሐሳብ በአማርኛ ሲቃና እንዲህ ነው፦ «መጀመሪያ ሻጩን እንጠይቀው። አልሸጥኩም ነው የሚለው? ወይስ ሸጫለሁ፣ ግን ወረቀቱ አልተመዘገበም ነው የሚለው? ሁለተኛው ከሆነ ባለመመዝገቡ እሱም ጥፋት አለበት፤ በጥፋቱ ሊጠቀም ነው። ውሉ የለም ከተባለ ደግሞ የተቀበለውንም ገንዘብ የሚይዝበት ምክንያት የለውም።»

ከዚህ ሥር በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩና ጎኑ ላይ «ከጥያቄው ጋር አይገናኝም» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ከ20 ውስጥ 6 ሰጠሁት። በሌሎቹም ጥያቄዎች ነገሩ ያው ስለነበር ኮርሱን በዲ አለፈ።

ግሬድ በተለጠፈ ማግሥት ቢሮዬ መጣ። በሩ አጠገብ ቆሞ፣ «መምህር፣ ይቅርታ፤ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ሐሳቡን ያዩልኛል?» አለኝ።

«የማርመው ሐሳብህን አይደለም፤ የጻፍከውን ነው» አልኩት።

«እሺ መምህር፤ አመሰግናለሁ» ብሎ ወጣ። ወረቀቱን ከመሳቢያ እንኳ አላወጣሁትም። ያን መልሴን በኋላ መምህራን ላውንጅ ውስጥ እንደ ትልቅ አባባል ደጋግሜ አወራሁት፤ ተሳቀልኝም።

ያኔ ብጠየቅ ምክንያት አላጣም። የመጀመሪያው፣ ክፍሉ ሰፊ ነው፤ የግሬድ ቅሬታ ኮሚቴ ፊት «ለምን 6 ሰጠኸው?» ብባል ቁልፌን ዘርግቼ «1678ን አልጠቀሰም» ማለት ይቀለኛል። «ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ አይደለም» እያሉ መከራከር ግን ራስ ምታት ነው። ሁለተኛው፣ የመውጫ ፈተናው ነው። የሕግ ተማሪ ሌሎቹ ዲፓርትመንቶች በ2015 ዓ.ም ከመጀመራቸው ከዓመታት በፊት ይህን ፈተና ሲፈተን ቆይቷል፤ የዛሬው የማለፊያ ነጥብ 50 በመቶ ነው፤ ጥያቄው ምርጫ ነው። «አንቀጽ ያላወቀ እዚያ ይወድቃል» እያልኩ ሽምደዳውን ለልጆቹ ሲባል የማደርገው አስመሰልኩት። ሦስተኛውን ለማንም አልተናገርኩትም፦ እኔም የተማርኩት እንደዚያ ነው፤ ኤ ያገኘሁትም በዚያው መንገድ ነው። ያንን መንገድ ክፉ ነው ማለት የራሴን ኤ መጠራጠር ነበር።

በእንግሊዝኛው ጉዳይ ደግሞ ጨርሶ አላሰብኩበትም። የሕግ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ አገራችን የገባው በ1956 ዓ.ም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት ነው። የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ፤ ከመምህራኑም ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በ1952 ዓ.ም የወጣውንና 3,367 አንቀጾች ያሉትን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ያረቀቁትም በፈረንሳይኛ ነው። እኛ ክፍል ውስጥ የምናነበው የእንግሊዝኛውን ቅጂ ነው። የፈተናው ጥያቄ በእንግሊዝኛ፣ መልሱም በእንግሊዝኛ።

ልጁ ተመርቆ የሚቆምበት ችሎት ግን በእንግሊዝኛ አይከራከርም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው ይላል፤ ክልሎችም የራሳቸውን የሥራ ቋንቋ በሕግ ይወስናሉ። በአንቀጽ 106 የሕገ መንግሥቱ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው ቅጂ አማርኛው ነው። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረትም በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የወጣ ሕግ አማርኛውና እንግሊዝኛው ከተጋጩ የሚጸናው አማርኛው ነው። እኔ እንግዲህ ተማሪዎቼን የምሰፍረው ግጭት ቢነሳ በሚሸነፈው ቅጂ፣ ችሎት ላይ በማይነገር ቋንቋ ነበር። ይህን ሁሉ አውቀው ነበር፤ የመንግሥት ሥርዓት ኮርስ ቢሰጠኝ በአንድ ክፍለ ጊዜ አስተምረዋለሁ። ከእርማቴ ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም።

ዓይኔ የተከፈተው በነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላችን ውስጥ ነው። የአራተኛና የአምስተኛ ዓመት ተማሪዎች አቅም የሌላቸውን ባለጉዳዮች ያነጋግራሉ፤ ክስና መልስ ያዘጋጃሉ፤ መምህር ይቆጣጠራል። በተራዬ ስቀመጥ ያው ዲ የሰጠሁት ልጅ ከአንዲት ጎበዝ ተማሪ ጋር ተጣምሯል። እሷ በውል ሕግ ኤ አግኝታለች፤ ወረቀቷ ቁልፌን የገለበጠ ይመስል እንደነበር ትዝ ይለኛል።

በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ገብተው ከፌስታል ውስጥ ወረቀቶች አወጡ። «ከቤትሽ ውጪ ተባልኩ» አሉ። ልጅቷ ቀደም ብላ፣ «እናቴ፣ ውልዎ በ1723 መሠረት ተመዝግቧል?» አለቻቸው።

«ምኑ ልጄ?»

ልጅቷ ዝም አለች፤ ኮዷን ማገላበጥ ጀመረች። ልጁ ወንበሩን ወደ ሴትዮዋ አስጠጋ።

«እማማ፣ መጥሪያው መቼ ደረስዎት?»

ደንገጥ ብዬ ቀና አልኩ። የመልስ ማቅረቢያው ቀን ካለፈ ሌላው ሁሉ ከንቱ መሆኑን የሚያውቅ ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። እኔ በአንድም ፈተና ጠይቄው አላውቅም። ቀኑን ካረጋገጠ በኋላ ቀጠለ።

«ሻጩ በሕይወት አሉ?»

«ሞቷል። ልጆቹ ናቸው የከሰሱኝ።»

የክሱን ወረቀት ተቀብሎ አነበበና፣ «ልጆቹ አባታችን አልሸጠም ነው የሚሉት ወይስ ሸጧል፣ ግን ውሉ አልተመዘገበም ነው የሚሉት? እዚህ ላይ ሁለቱንም ደባልቀውታል» አለ።

«እንዴት አልሸጠም ይላሉ! የመጨረሻውን ክፍያ የተቀበሉኝ እነሱው ናቸው።»

«ሲቀበሉ ማን ነበር? የተፈረመ ነገር አለ?»

ሴትዮዋ ፌስታሉን እንደገና መፈተሽ ጀመሩ። እኔ ግን የምሰማው ሌላ ነገር ነበር። ይህ ጥያቄ «ከጥያቄው ጋር አይገናኝም» ብዬ በቀይ ያሰመርኩበት ጥያቄ ነው። ከዚያ የሰበር ውሳኔ በኋላም ቢሆን ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ይዞ የሚመጣ ጠበቃ የሚከራከረው እዚሁ ላይ ነው፦ ተከራካሪው ውሉን ክዷል ወይስ ፎርሙን ብቻ ነው የሚቃወመው? ከተካደስ ምን ማስረጃ አለ? ውሉ ከፈረሰ ገንዘቡ እንዴት ይመለሳል? ልጁ ይህን ገና በሁለተኛ ዓመቱ፣ ኮድ ሳይዝ፣ በማይቀናው ቋንቋ አግኝቶት ነበር።

የዚያን ሴሚስተር ወረቀቶች ከካቢኔት አወጣሁ። የተወሰኑትን ፎቶ ኮፒ አድርጌ፣ ስማቸውንና የእኔን ነጥብ ሸፍኜ፣ ከማስተማሩ በፊት ዳኛ ለነበረ ባልደረባዬ ሰጠሁት። ቁልፉን አልሰጠሁትም። «ጉዳይ ቢኖርህ ለማን ትሰጣለህ? በቅደም ተከተል አስቀምጥልኝ» አልኩት። አንዳንዱ ላይ ተስማማን። ኤ ከሰጠኋቸው መካከል ወደ ታች የወረዱ ነበሩ። የዚያን ልጅ ወረቀት ከላይ አስቀምጦታል። «እንግሊዝኛው ያማል፤ ግን ክርክሩ የት እንዳለ ያወቀው ይሄ ነው» አለኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። ግሬዱን ለማስተካከል ብጠይቅ የቅሬታው ጊዜ ካለፈ ቆይቷል ተባልኩ። የከለከሉኝን አልወቅስም፤ መምህር ከዓመታት በኋላ እየመጣ ግሬድ የሚቀይርበት በር ከተከፈተ በዚያ በር የሚገባውን ሁላችንም እናውቃለን። ልጁን የመስማት ግዴታዬ የነበረው በጊዜው ነው፤ በጊዜው ደግሞ ቆሜ አባባል ፈጠርኩ።

ያንን ተከትሎ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። የፕሮግራማችንን ውጤታማነት የሚገመግም ሪፖርት ሲጻፍ ከኮሚቴው አንዱ እኔ ነበርኩ። ሥርዓተ ትምህርቱ ተመራቂው ከፍሬ ነገር ውስጥ የሕግ ጭብጥ ለይቶ ያወጣል፣ ባለጉዳይ ያማክራል፣ በጽሑፍና በቃል ይከራከራል ይላል። እኛ ለእያንዳንዱ ማስረጃ አድርገን ያቀረብነው የኮርሶቹን አማካይ ግሬድ ነው። ባለጉዳይ የማማከር ችሎታ በቢና በሲ ስንት በመቶ እንደተገኘ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ሠራን። አንድም ተማሪ ባለጉዳይ ሲያነጋግር ቁጭ ብሎ ያየ ሰው በኮሚቴው ውስጥ አልነበረም። ሪፖርቱ ተቀባይነት አገኘ፤ ፊርማዬም አለበት።

ይህ ክፍተት በእኛ ዘንድ የሚብስበት ምክንያት አለው። በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤት የሚገባው የመጀመሪያ ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ነው። ለዚያ የሚዘጋጅ ተማሪ ይህን ተማር ተብሎ የሚታዘዝ የትምህርት ዓይነት የለም፤ የአሜሪካ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አንዱን ከሌላው አያስበልጥም። የሚፈለገው በጥልቀት ማንበብ፣ አጥርቶ መጻፍ፣ መከራከርና ችግርን መፍታት ነው። የእኛ ልጅ ግን ከ12ኛ ክፍል ይመጣል፤ በፍሬሽማን ዓመቱ አንድ የሎጂክና የክሪቲካል ቲንኪንግ ኮርስ ይወስድና ወደ ሕጉ ይገባል። ማሰቡንም ሕጉንም የምናስተምረው እኛው ነን ማለት ነው። እንግዲህ ማሰቡን አንድም ነጥብ የማንሰጠው ከሆነ ማን ያስተምረዋል?

ልጁን ይቅርታ የጠየቅኩት ከመመረቁ በፊት ነው። ወረቀቱን ዘርግቼ ያሰመርኩበትን አሳየሁትና «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩት። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። «መምህር፣ እኔ እኮ ሐሳቡ ራሱ ስህተት መስሎኝ ነው» አለኝ። «ከዚያ ወዲህ ፈተና ላይ ጥያቄ ጽፌ አላውቅም። አንቀጹን ብቻ ነው የምጽፈው። ግሬዴም ተሻሽሏል።»

አንድ ዲ ሰጥቼ በልጁ ነጥብ ላይ ብቻ ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር የሄድኩት። ለካ አስተምሬዋለሁ። መጠየቅ ነጥብ እንደሚያስቀንስ ከእኔ ተምሮ፣ ትምህርቱን በሚገባ ይዞ፣ በሌሎች ኮርሶች ተሸልሞበታል። ማዕከሉ ውስጥ ሴትዮዋ ፊት ባይቀመጥ ኖሮ ያ ችሎታው እንዳለ እኔም እሱም አናውቅም ነበር። ኤ የሰጠኋት ልጅም ብትሆን አልተጠቀመችም። የሰው ታሪክ ሳትሰማ አንቀጽ እንድትፈልግ ያደረግኳት እኔ ነኝ፤ ባለጉዳይ ፊት ስትደነግጥ የወደቀው የእኔ ኤ ነው።

አሁን ፈተናዬ ተለውጧል። ኮድ ይዘው ይገባሉ። ባወጅኩ ቀን አንዱ፣ «መምህር፣ ኮዱ ከተፈቀደ ምን እናጥና?» ብሎኝ ክፍሉ ሳቀ፤ ጥያቄው ግን ምን ስንሠራ እንደቆየን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግራል። ቁልፉ ላይ «ያልተነገረውን ፍሬ ነገር ለጠየቀ» የሚል ራሱን የቻለ ነጥብ አለ። እንግሊዝኛው ለብቻው፣ በግልጽ፣ በትንሽ ነጥብ ይታረማል። ሳርም ስም ይሸፈናል። ለአምስተኛ ዓመቶች ደግሞ አጭር የቃል ፈተና ጨምሬያለሁ፤ በእንግሊዝኛም በአማርኛም መመለስ ይቻላል፤ አፋን ኦሮሞ ለሚመርጥ ቋንቋውን የሚያውቅ ባልደረባዬ አብሮኝ ይቀመጣል።

ይህም ንጹሕ አይደለም። ሶማልኛ ወይም ትግርኛ ለሚቀለው ተማሪ ያዘጋጀሁት ነገር የለም። የቃል ፈተና አንደበተ ርቱዕ የሆነውን ከተሜ ይጠቅማል፤ ዓይን አፋሩን ይጎዳል። በሰፊ ክፍል ጊዜው አይበቃም፤ ለጀማሪዎቹ ዛሬም በቁልፍ ነው የማርመው። አንዱን ግፍ ሳወጣ ሌላውን እንዳላስገባ የምጠብቅበት አንድ ነገር ብቻ አለኝ፦ ቅሬታ ይዞ የመጣን ተማሪ አስቀምጬ፣ ወረቀቱን ፊቱ ከፍቼ፣ «እዚህ ጋ ምን ልትል ነው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ብዙ ጊዜ ነጥቡ አይቀየርም። አንዳንዴ ግን ይቀየራል፤ ያ ደግሞ ሌላ ማንም ሊያርመው የማይችል ስህተት ነው።

ለረዳት መምህርነት ስንመለምል የነጥብ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ነው የምናነበው። ያ ልጅ በውል ሕጉ ዲ ምክንያት ከመስመሩ በታች ወደቀ። ለሌላ ሥራ ሲያመለክት የድጋፍ ደብዳቤ ጻፍኩለትና በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ይህን አሰፈርኩ፦ በትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው የውል ሕግ ዲ የአመልካቹን ችሎታ አያሳይም፤ ስህተቱ የእኔ የፈታኙ ነው፤ ማብራሪያ ከተፈለገ ስልኬ ከታች አለ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚገባቸው ሌሎች ተማሪዎችም ነበሩኝ። እነሱ ሳይጠይቁኝ ተመርቀው ሄደዋል።